የዱባ ወጡ ባለቤት

የሻረግ ጁባን ስትረግጥ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር፤ አሁን አርባ ስምንት ሞልቷታል። ከዚህ መሃል አሥራ ሁለቱን ዓመት ያሳለፈችው አንድ ምድጃ ፊት ቆማ ነው፤ አማራት ሰፈር፣ ከፈለ የሚባል የደብረ ታቦር ሰው በከፈተው ምግብ ቤት።

ምግብ ቤቱ ሲከፈት የቆርቆሮ ጣራ፣ ስድስት የፕላስቲክ ጠረጴዛና አንዲት የሻረግ ነበሩት። የምግብ ዝርዝር የሚባል ነገር አልነበረም። ደንበኛው ገብቶ «ዛሬ ምን አለ?» ይላል፤ የሻረግ የሠራችው ይቀርብለታል፤ አለቀ። ምስር፣ ድንች በካሮት፣ ጎመን በሥጋ፣ በጾም ቀን ደግሞ የዱባ ወጥ። የአየር መንገዱ ሰዎች፣ የባንክ ሠራተኞች፣ መንገድ ሊሠሩ የመጡ መሐንዲሶች፣ ቤተሰባቸውን አዲስ አበባ ትተው የመጡ ሁሉ፣ ሳህኑን በእንጀራ ጠርገው ሲያበቁ ወደ ጓዳው አንገታቸውን አስግገው «እጅሽ ይባረክ፣ ቤቴ የገባሁ መሰለኝ» ይሏታል። እሷም «ብሉ፣ ብሉ» ከማለት በቀር መልስ አታውቅም።

ከእነዚህ ወጦች አንዱንም ትምህርት ቤት ገብታ አልተማረችውም። ምስሩ የታላቅ እህቷ ነው። ድንቹን ያሳየቻት ሐዋሳ አብራት ቤት ተከራይታ የኖረች ጓደኛዋ ናት። ጎመኑ የቀድሞ አማቷ ነው፤ ከባሏ ብትለያይም ጎመኑን አልመለሰችም። የዱባ ወጡ ደግሞ ያሳደገቻት የአክስቷ የእትዬ በዛብሽ ነው። እትዬ በዛብሽ ዱባውን ከነልጣጩ ሁለት ጣት አውፍራ ትቆርጠዋለች። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ታቁላላለች፣ በርበሬውን ታበስላለች፣ ዱባውን ትጨምራለች፤ ከዚያ በኋላ ማማሰያ የሚባል ነገር ድስቱ አጠገብ አይደርስም። ድስቱን በጨርቅ በሁለት እጇ ይዛ ግራና ቀኝ ትነቀንቀዋለች እንጂ አታማስለውም፤ ዱባው እንዳይፈርስ። ሊወጣ ሲል ሱፍ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ በጥብጣ፣ አጥልላ ታፈስበታለች፤ ጨውም የሚገባው ያኔ ነው።

አምና ከፈለ ምግብ ቤቱን አፍርሶ እንደ አዲስ ሠራው። ሴራሚክ ተነጠፈ፣ ኤሲ ተገጠመ፣ ከአዲስ አበባ ናቲ የሚባል ሼፍ መጣ። ናቲ ሠላሳውን ያለፈ፣ ነጭ ሸሚዙ የማይቆሽሽ፣ እጁ የሚጣፍጥ ሰው ነው፤ የሻረግም ይህን አትክድም። ክፉም አልነበረም። ብቻ የመጣ ሳምንት ጓዳውን ዞሮ አይቶ፣ የዱባውን ድስት ከፈት አድርጎ ቀመሰና፣

«እትዬ የሻረግ፣ ይጣፍጣል። ግን ይሄ ሰው ቤቱ የሚበላው ነው። ከቤቱ ወጥቶ የሚመጣው ሌላ ሊበላ ነው» አላት።

ከፈለም በነገሩ ተስማማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሻረግ ሽንኩርት ከታፊ፣ እንጀራ ተቆጣጣሪ፣ ገበያ ወጪ ሆነች። ደመወዟ አልተነካም፤ ቃል አልተነገራትም። ቢሆንም ናቲ ወጥ ሲቀምስ ዐይኗን ወደ ሽንኩርቱ ትመልሳለች። ሽንኩርት ደግሞ ለዚህ ይመቻል፤ ሰው ዐይንሽ ለምን ቀላ ብሎ አይጠይቅም።

በኅዳር አንዲት ሴት ወደ ከፈለ መጣች። ጆኩዱ ትባላለች፤ የባሪ ብሔረሰብ ሰው፣ አዋላጅ ነርስ፣ ረጅምና ድምፀ ጎርናና። ወንድ ልጇን ሸሪካት የሚባለው ሰፈር ውስጥ ልትድር ነው፤ ሁለት መቶ ሰው ይጠራል። የእሷ ዘመዶች የራሳቸውን ምግብ ይሠራሉ፤ ግን የሐበሻ ምግብ ካልቀረበ ሠርጉ ሠርግ አይሆንም ብላለች። ከፈለ እየጻፈ፣ እሷ እየቆጠረች፣ ጥብስ፣ ዶሮ፣ አልጫ ተባለ። መጨረሻ ላይ፣

«ዋናው ደግሞ ሙላህ የሻ» አለች።

ሙላህ በጁባ አረብኛ ወጥ ማለት መሆኑን ከፈለ ያውቃል። የሻ ግን ምን እንደሆነ አላወቀም። ናቲን ጠራው። ናቲም ትንሽ አሰበና «ሽሮ ማለቷ ነው» አለ በእርግጠኝነት። ወዲያው አንድ ሳህን ሽሮ ተንተክትኮ መጣላት። ጆኩዱ ቀመሰች፣ ደገመች፣ ጨረሰችው።

«ኩዌስ፣ ጥሩ ነው። ግን ይሄ ሽሮ ነው። ሽሮን አውቀዋለሁ። እኔ የጠየቅሁት የሻ ነው። የእናንተ የሐበሾች ምግብ ነው እኮ! እንዴት አታውቁትም?»

ከፈለ አፈረ። ናቲ ስልኩን አውጥቶ ፈለገ፤ ምንም አላገኘም። ጆኩዱም አዘነችላቸው መሰለኝ፣ «ቅዳሜ እህቶቼ ቤት ይሠሩታል። አንድ ሰው ላኩና ይቅመስ፤ አይቶ ይምጣ» ብላ ሄደች።

የሻረግ ያን ቀን ኮኞ ኮኞ ገበያ ነበረች። ስትመለስ የሰማችው ናቲ አጣሞ ያወራውን ነው፤ «ሙላይሻ የሚባል ነገር ሠርታችሁ አምጡ ተብለናል። በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም።» እሷም አልሰማሁም አለች። ቅዳሜ ናቲ የስብሰባ ምሳ ስለነበረበት ከፈለ ወደ እሷ ዞረ።

«የሻረግ፣ አንቺ ሂጂልን። አረብኛውንም ከሁላችን የተሻልሽ አንቺ ነሽ። ቅመሺና ምን እንደገባበት ንገሪን፤ ናቲ ይሠራዋል።»

«እሺ ጋሽ ከፈለ» አለች። «ናቲ ይሠራዋል» የሚለውን እንዳልሰማ ሰው አለፈችው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ እዚህ ራክሻ በሚሏት ባለ ሦስት እግር ባጃጅ ድልድዩን ተሻግራ ሸሪካት ገባች። የጆኩዱ ግቢ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለበት፤ ከሥሩ ሦስት የከሰል ምድጃ፣ ስድስት ሰባት ሴቶች፣ ሳቅና ጨዋታ። ጆኩዱ «ኢታ ከፍ፣ ያ ኦክቲ!» ብላ ተቀበለቻት፤ እንዴት ነሽ እህቴ ማለቷ ነው። ወንበር ተሰጣት፣ ውሃ ቀረበላት።

የሻረግ እንደ እንግዳ ቁጭ ብላ ዐይኗን በምድጃዎቹ ላይ አሳረፈች። አንዷ ሴት ዱባ ትቆርጣለች፤ ከነልጣጩ። ዱባ በጁባ ብርቅ አይደለም፣ የሻረግም ልብ አላለችውም። ሽንኩርቱ ሲቁላላ አየች፤ ዘይት የለውም። ይህንም አለፈችው። ከዚያ ያቺው ሴት የድስቱን ጆሮዎች በጨርቅ ያዘችና ከምድጃው ከፍ አድርጋ ግራና ቀኝ ነቀነቀችው። አስቀመጠች። ቆይታ ደግማ ነቀነቀች።

የሻረግ የያዘችውን ውሃ መሬት ላይ አስቀመጠች።

ሴትየዋ የተቆላና የተወቀጠ ለውዝ በውሃ በጠበጠች፣ በነጠላ ጨርቅ አጠለለች፣ ነጩን ውሃ ቀስ እያለች ወጡ ላይ አፈሰሰችው። የሻረግ ከወንበሯ ተነሥታ ድስቱ አጠገብ ደርሳ ነበር። መነሣቷን አላወቀችም።

በሳህን ላይ አሲዳ ተደርጎ፣ ወጡ ፈሶበት ተሰጣት። አሲዳ የእነሱ ገንፎ ነው። ቆርሳ አጠቀሰችና ጎረሰች። በርበሬው የአገር ቤት በርበሬ አይደለም፤ ደረቅ የጓሮ ቃሪያ ነው። ትንሽም የዓሣ ጠረን አለው። ሌላው ግን ሁሉም እዚያ ነበር፤ ቅርጹን የያዘው ዱባ፣ ለስላሳው ለውዝ፣ መጨረሻ ላይ የገባው ጨው። ይህን ወጥ መጀመሪያ በዚህ አኳኋን የሠራ ሰው አንድ ብቻ እንደነበረ የሻረግ ታውቃለች። ምክንያቱም ሱፉን በለውዝ የቀየረችው እሷ ራሷ ናት፤ ቀኑንም አትረሳውም።

በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በሐምሌ ነበር። ከተማው በተኩስ ሲናጥ፣ የሻረግ ከምግብ ቤቱ ጀርባ ባለ ግቢ ውስጥ ትኖር ነበር። ከጎኗ ያለችው ጎረቤቷ ፖኒ የምትባል ሴት ናት፤ ባሏ በዚያ ሳምንት ከከተማ ወጥቶ ነበርና ከሦስት ልጆቿ ጋር ብቻዋን ቀርታለች። የሻረግ በሯን ከፍታ አራቱንም አስገባቻቸው፤ ወለሉ ላይ ተኝተው አምስት ቀን አሳለፉ። በቤቱ የነበረው ሁለት ዱባ፣ ትንሽ ሽንኩርት፣ የፖኒ አንድ ከረጢት ለውዝና የሻረግ በርበሬ ነው። ሱፍ አልነበረም። የሻረግ ለውዙን አየችና «እስኪ እንሞክር» አለች። ልጆቹ ያን ቀን ጠግበው ተኙ። በማግሥቱ ፖኒ «አሳዪኝ» አለቻት፤ አሳየቻት። ፖኒ የሻረግ የሚለው ስም አፏ ላይ አልዋል ብሏት «የሻ» ነበር የምትላት፤ እንዲህ ብሎ የሚጠራትም እሷ ብቻ ነበረች።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ፖኒ ልጆቿን ይዛ በጭነት መኪና በኒሙሌ በኩል ወደ ኡጋንዳ ሄደች። የሻረግ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ በርበሬ ሞልታ ሰጠቻት። ስልኳ ከዚያ በኋላ አልሠራም። የሻረግም ብዙ ጊዜ አስባት፣ ብዙ ጊዜ ጸልያላት፣ በመጨረሻ ለእግዚአብሔር ትታት ነበር።

አሁን ወደ ጆኩዱ ዞራ ጠየቀቻት።

«ይሄን ወጥ ማን አስተማራችሁ?»

«በስደት እያለን ነው የተማርነው» አለች ጆኩዱ። «ኡጋንዳ፣ አጁማኒ መጠለያ ውስጥ። ጓሯችን ዱባና ለውዝ ነበር፤ ሌላ ምን ነበረን? አንዲት ሴት እንዲህ ሠርታ አበላችን። ከእሷ እኔ፣ ከእኔ እህቶቼ፣ ከእነሱ ደግሞ አማቶቻቸው። አሁን በዚያ መጠለያ የማይሠራው ቤት የለም። ክርስትና ቢሆን፣ ለቅሶ ቢሆን፣ ሙላህ የሻ አለ።»

«የሻ ምን ማለት ነው?»

«የሰው ስም ነው። ሴትየዋን ያስተማረቻት የሐበሻ ሴት ስም። በጦርነቱ ጊዜ ከነልጆቿ ቤቷ አስገብታ ያበላቻት ናት። ሀገሯ ገብታለች ይባላል። እሷን አናውቃትም፤ ስሟን ግን እናውቃለን።»

የሻረግ ሳህኑን በሁለት እጇ አጥብቃ ያዘች።

«ያቺ ሴት ፖኒ ናት?» አለች። «የላዶ፣ የዋኒና የትንሿ ኬጂ እናት?»

ድስት ስትነቀንቅ የነበረችው ሴት ጨርቁን እንደያዘች ቀና አለች።

«አንቺ ፖኒን በምን አወቅሻት?» አለች ጆኩዱ።

«የሻ እኔ ነኝ።»

አንዷ ሴት ሳቀች፤ ቀልድ መስሏት ነው። ጆኩዱ ግን አልሳቀችም። የሻረግን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፣ ከኪሷ ስልኳን አወጣች፣ ደወለች፣ በባሪኛ ሁለት ቃል ተናገረችና ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርጋ ወደ የሻረግ አፍ አስጠጋችው።

«ፖኒ?» አለች የሻረግ።

ከወዲያ፣ ከአጁማኒ፣ የመጣው ጩኸት ዛፉ ላይ የነበሩትን ወፎች አስነሣ።

«የሻ! የሻ! ወላሂ የሻ ነሽ? አልሞትሽም? ሀገርሽ አልገባሽም?»

«እዚሁ ነኝ። አማራት፣ እዚያው ምድጃ ላይ ነኝ። ልጆቹ እንዴት ናቸው?»

«ላዶ አስተማሪ ሆኗል! ኬጂ ካንቺ ትረዝማለች!» ፖኒ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። የሻረግም እንዲሁ። ሴቶቹ ከበዋታል፤ አንዳንዶቹ ዐይናቸውን በልብሳቸው ይጠርጋሉ። ስሜቱ ጋብ ሲል የሻረግ አንድ ነገር ትዝ አላት።

«ፖኒ፣ ወጡ ውስጥ ዓሣ ቀምሻለሁ።»

ፖኒ ልቅሶውንም ሳቁንም አቆመች።

«ደረቅ ዓሣ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ትንሽ ብቻ። ልጆቹ ወደዱት።»

«የጾም ወጤ ላይ ዓሣ?»

«በርበሬሽ በሦስት ወር አለቀ፣ ምን ላድርግ የሻ?»

ሁሉም በሳቅ ፈረሰ። የሻረግም ትንፋሿ እስኪቋረጥ ሳቀች።

ምሳ ሰዓት አልፎ ምግብ ቤት ስትመለስ ከፈለና ናቲ ጓዳው በር ላይ ይጠብቋታል። ናቲ ማስታወሻ ደብተሩን ይዟል።

«እህ? ምንድነው?» አለ።

«አውቄዋለሁ። እኔ እሠራዋለሁ» አለች የሻረግ መቀነቷን እያጠበቀች።

«ጥሩ፤ ግን ምንድነው?»

«ዱባ ነው።»

ናቲ እስክሪብቶውን ወደ ወረቀቱ አስጠግቶ ቀረ። የሻረግም ቁጭ ብላ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻቸው፤ ሳታጋንን፣ ሳትቸኩል። ስትጨርስ ከፈለ ግንባሩን በመዳፉ ይዞ «እኔ እኮ ያን ወጥ አሥር ዓመት በልቼዋለሁ» አለ። ናቲ ደግሞ ደብተሩን ዘጋና «እትዬ የሻረግ፣ ይቅርታ» አለ። ሰበብ አልጨመረበትም፤ በዚህም ወደደችው።

ማታውን ለእትዬ በዛብሽ ደወለች። አክስቷ ሰማንያ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ጆሮዋ ደህና ነው፣ አንደበቷ ደግሞ ከጆሮዋ ይበልጣል። የሻረግ ታሪኩን አጫወተቻትና የከነከናትን ተናገረች።

«እቴቴ፣ በሰው አገር በስሜ ይጠራል። ወጡ ግን ያንቺ ነው። መጠራት የነበረበት በአንቺ ስም ነው።»

«የእኔ ነው ያለሽ ማነው?» አለች እትዬ በዛብሽ። «እኔ ከአማቴ ነው የለመድኩት። እሷም ምንጃር ተድራ ከሄደች እህቷ ነው ያመጣችው። እኛ የጨመርንበት ሱፉን ነው። ለውዙን የጨመርሽው ማነሽ? አንቺ! ለውዝ እዚህ ማን ያውቃል? ስሙን ያዥው፣ ያንቺ ነው።» ቀጥላም «ለመሆኑ በለውዝ ይጣፍጣል?» ስትል ጠየቀች።

«ከሱፉ አያንስም።»

«እንግዲህ አታጋንኚ» አለች አክስቷ።

የሠርጉ ቀን የሻረግ ዱባውን ራሷ ኮኞ ኮኞ ሄዳ በጣቷ እያንኳኳች መረጠች። በርበሬውም የአገር ቤት ነበር። ሦስት ጎላ ድስት ተጣደ። ችግሩ ድስቶቹ ለአንድ ሰው የሚነቀነቁ አልነበሩም። ናቲ እጅጌውን ሰብስቦ መጣና አንዱን ጆሮ ያዘ፣ የሻረግ ሌላውን።

«በማማሰያ ቀስ አድርጌ ብነካውስ?» አለ ላቡን እየጠረገ።

«ሞክርና ታየኛለህ።»

አልሞከረም። ሦስቱንም ድስት ከእሷ እኩል ነቀነቀ፤ ነጭ ሸሚዙ ለመጀመሪያ ጊዜ በበርበሬ ሲቀላ የጓዳው ሰው ሁሉ አየ።

ሸሪካት ውስጥ ድንኳኑ ሞልቶ፣ ከበሮው ደምቆ ነበር። ምግቡ ከተነሣ በኋላ ጆኩዱ ማይክራፎኑን ከዘፋኙ እጅ ወሰደችና በአረብኛ፣ ቀጥሎ በባሪኛ ተናገረች። የሻረግ ባሪኛ አትችልም፤ «የሻ» የሚለውን ግን ሦስት ጊዜ ሰማች። ጆኩዱ መጥታ በክንዷ ይዛ ወደ መሃል አወጣቻት። እልልታው ከድንኳኑ ጫፍ ተነሣ። የሻረግ የምግብ ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም፤ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት በሽርጡ ጠረገችው፣ እንደገና ጠረገችው። ከሰዎቹ መሃል አንዲት አሮጊት በዱላዋ እየተደገፈች መጣች። የሻረግን እጅ ገልብጣ መዳፏን አየች።

«ይሄ እጅ ነው?» አለች። «የልጅ ልጆቼን እኮ በዚህ ወጥ ነው ያሳደግኋቸው።»

የሻረግ አላለቀሰችም። ቀጥ ብላ ቆመች። በሕይወቷ ብዙ ጊዜ ተመስግናለች፤ ያን ቀን ግን «ብሉ፣ ብሉ» አላለችም። አንገቷን ሳትደፋ፣ ዐይኗን ሳትሰብር፣ በድንኳኑ ያለውን ሰው ሁሉ ከዳር እስከ ዳር አየችውና፣

«አዎ፣ የእኔ ነው» አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይህ ነው። ናቲ በራሱ እጅ በምግብ ዝርዝሩ ላይ በአማርኛም በእንግሊዝኛም «የሻ» ብሎ ጻፈ፤ ከጥብሱ በላይ። ፖኒ በየሳምንቱ እሑድ ትደውላለች፤ በዓሣው ጉዳይ እስካሁን አልተስማሙም። የሻረግ ወደ ምድጃዋ ተመልሳለች፣ ናቲም ከጎኗ ሽንኩርት ሲከትፍ ይታያል።

በቅርቡ ደግሞ ሩሃማ የምትባል የአየር መንገድ ሠራተኛ፣ አዲስ ሙሽራ ናት፣ ወጡን በልታ ስትጨርስ ወደ ጓዳው ዘለቀች። እንዴት እንደሚሠራ ልትጠይቅ ነው። ናቲ ለየሻረግ በዐይኑ «እንዳትነግሪያት» የሚል ምልክት ሰጣት። የሻረግ አላየችውም፣ ወይም እንዳላየች ሆነች።

«ዱባውን ከነልጣጩ» ብላ ጀመረች። «እጠቢው፣ ሁለት ጣት ይውፈር። ሽንኩርቱ ዘይት አይንካው…»

«ለውዙ ስንት ይሁን?» አለች ሩሃማ በስልኳ እየጻፈች።

«ለአንድ ድስት ሁለት እፍኝ።»

«በእርስዎ እፍኝ ነው በእኔ?»

«በራስሽ» አለች የሻረግ፣ የለውዙን ዕቃ ከመደርደሪያው አውርዳ ክዳኑን እየከፈተች። «ስልኩን አስቀምጪውና እጅሽን ታጥበሽ ነይ።»